«ኢግዘርት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነጓደኞቹ እንዴት እንይዘዋለን? ለጅማ ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም የስኮላርሺፕ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። «ተጽዕኖ ያሳድራል» ማለት ይፈልጋል። ወይም «ጫና ይፈጥራል»። ስሙን ያውቀዋል፤ ኢንፍሉወንስ፣ ፕሬሸር። የሚጠፋው ግሱ ነው። ያኔ እጁ የገባለትን ያነሳል። «ሜክ ኢንፍሉወንስ» ይላል። «ጊቭ ፕሬሸር» ይላል። አንባቢው ሐሳቡን አያጣውም፤ ጆሮውን ግን ይጎረብጠዋል። አማካሪው በቀይ ያሰምርበታል። ለምን እንደተሰመረበት ግን ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ አይጻፍም።

እዚህ ቦታ የሚገባው ግስ «ኢግዘርት» ነው። ይህን ግስ ለብቻው ማወቅ ምንም አይጠቅምም። ከማን ጋር እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደማይሄድ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ከተከተላችሁ ለ12ኛ ክፍል ፈተናም፣ ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍም ይሆናችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን ያሰፈርኳቸው ድምፃቸው እንዲያዝ ነው። ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

ደረጃ 1፦ ሙሉ ገጽ ስጡት

አብዛኛው ተማሪ ቃል የሚይዘው ገጹን ለሁለት ከፍሎ ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ለ«ዛፍ»ና ለ«ወንበር» ይሠራል። ለዚህ ግስ ግን አይሠራም። በቀኝ በኩል ምን ትጽፋላችሁ? ማሳደር? ማድረግ? መፍጠር? ማሳረፍ? ሁሉም ትክክል ነው፣ አንዱም አይበቃም። ጀበና ያለ ማቶት እንደማይቆም ይህም ግስ ያለ ስሙ አይቆምም።

ስለዚህ አዲስ ገጽ ክፈቱ። ከላይ መሃል ላይ ግሱን ጻፉ። ከሥሩ ሦስት ዓምድ አስምሩ። የመጀመሪያው ለስሙ፣ ሁለተኛው ከስሙ በኋላ ለሚመጣው ትንሽ ቃል፣ ሦስተኛው እናንተ ራሳችሁ ለምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ይሁን። ከገጹ ግርጌ አራት ጣት የምታህል ቦታ ተዉና በቀይ ከበቧት። እዚያ የሚገባው «አብሮ አይሄድም» የምንለው ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በአማርኛም እኮ እንዲሁ ነው የምንናገረው። ተጽዕኖ ያሳድራል፣ ጥረት ያደርጋል እንላለን። «ጥረት አሳደረ» ያለ ሰው ካለ ሁላችንም ዞር ብለን እናየዋለን። ደንብ ስላጠናን አይደለም፤ ሁለቱን ቃላት አብረው ሲባሉ እየሰማን ስላደግን ነው። በእንግሊዝኛ ያ ዕድል ስለሌለን በደብተር እንተካዋለን።

ደረጃ 2፦ አፋችሁን አስለምዱት

ፊደሎቹ አምስት ናቸው፤ ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ። መሃል ያለው ኤክስ «ክስ» ተብሎ አይነበብም። «ኤግዛም» ስንል እንደምናደርገው «ግዝ» ነው። ጠበቅ የሚለው መጨረሻው ነው፤ ኢግ-ዘርት። ላለፈ ጊዜ ኢግዘርቲድ። የተለየ የሚሸመደድ ቅርጽ የለውም።

ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግሞ ለማስታወስ ይረዳል። ሥሩ ላቲን ነው፤ ወደ ውጭ ማውጣት፣ መግፋት ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ወይም ሠንጠረዥ ለማስገባት «ኢንሰርት» የሚለውን ትጫናላችሁ አይደል? ሁለቱ ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው። ኢንሰርት ወደ ውስጥ፣ ኢግዘርት ወደ ውጭ። ኃይሉ ከአንዱ ይወጣል፣ ሌላው ላይ ያርፋል። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ለምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ማን፣ ምን፣ በማን ላይ። «ፋርመርስ ኢግዘርት» ብሎ ማቆም አይቻልም። ምኑን ነው ያሳረፉት? ስሙ ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

ደረጃ 3፦ አራቱን ዋና ጓደኞች ያዙ

ፎርስ፣ ፕሬሸር፣ ኢንፍሉወንስ፣ ኮንትሮል። መጀመሪያ እነዚህን አራቱን ብቻ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

ፎርስና ፕሬሸርን ከፊዚክስ ክፍል ታውቋቸዋላችሁ። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የሚጻፈው በዚሁ ግስ ነው። አንድ አካል በሌላው ላይ ኃይል ሲያሳርፍ፣ ሌላውም እኩል ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ ያሳርፍበታል። በእንግሊዝኛ «ኢግዘርትስ ኤ ፎርስ ኦን» ነው። ፎርስ እዚህ ላይ «ኤ» እንደሚቀድመው ልብ በሉ።

ፕሬሸርን ለመያዝ ግልገል ጊቤ አንድን አስቡ። ያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድባችን። የተጠራቀመው ውሃ ግድቡን ይገፋዋል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል፤ ግድብ ከሥሩ ሰፍቶ የሚገነባው ለዚህ ነው። «ዘ ዋተር ኢግዘርትስ ፕሬሸር ኦን ዘ ዳም።» ይህን ዓረፍተ ነገር በሦስተኛው ዓምድ ጻፉት።

አሁን ደግሞ ያንኑ ግፊት ከውሃ ወደ ገበያ አሻግሩት። የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ሲወርድ አጋሮና ሊሙ ያለው ዋጋም ወደ ታች ይገፋል። እንግሊዝኛው ለዚህም ያንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው፤ «ኢግዘርትስ ዳውንዋርድ ፕሬሸር ኦን ፕራይስስ»። ሲወደድ ደግሞ «አፕዋርድ ፕሬሸር»። የኢኮኖሚክስና የግብርና ተማሪዎች ይህችን ሐረግ እንዳለች ሸምድዷት። በሪፖርት ውስጥ በየገጹ ታገኟታላችሁ።

ኢንፍሉወንስና ኮንትሮል የሚለያዩበት ቦታ ብዙ ሰው ያምታታል። ለእኔ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅረን የተሻለ ማስረጃ የለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ጅማን ገዝተዋል። ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብር እየከፈሉ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ግን በእጃቸው አቆይተዋል። እንግዲህ የአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ጅማ ላይ የነበረው ኢንፍሉወንስ ነው። በጅማ ውስጥ የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ የሚወስኑት ግን አባ ጅፋር ነበሩ፤ ያ ኮንትሮል ነው። «ምኒልክ ኢግዘርቲድ ኢንፍሉወንስ ኦቨር ጅማ፤ አባ ጅፋር ኢግዘርቲድ ኮንትሮል ኦቨር ኢት።» አንዱ ከሩቅ ሆኖ ያዘነብላል፣ ሌላው መሪውን ይዟል።

ከስሙ በኋላ ስለሚመጣው ትንሽ ቃል ደግሞ እንዲህ ያዙት። የሚያርፍ፣ የሚገፋ ነገር ሲሆን «ኦን» ነው፤ ፎርስ ኦን፣ ፕሬሸር ኦን። ከላይ ሆኖ የሚገዛ ሲሆን «ኦቨር» ነው፤ ኮንትሮል ኦቨር። ኦቶሪቲና ፓወርም ከኮንትሮል ጋር ይሄዳሉ፣ እነሱም «ኦቨር» ይወስዳሉ። ኢንፍሉወንስ ሁለቱንም ይቀበላል። «ቱ» ግን ከአንዳቸውም ጋር አይገባም። «ለገበሬው ጫና ፈጠረበት» ስንል ያቺ «ለ» ናት ወደ «ቱ» የምትመራን። ተጠንቀቁላት።

ደረጃ 4፦ መሃል ላይ መጠኑን ጨምሩ

ግሱና ስሙ አብረው ከገቡላችሁ በኋላ በመካከላቸው መጠን የሚናገር ቃል አስገቡ። ስትሮንግ፣ ኮንሲደረብል፣ ኢኖርመስ። «ቢግ» እና «ሃይ» የሚሉትን ተዉአቸው፤ እዚህ ቦታ አይመቹም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው «ኤ» የምትባለው ፊደል ናት። «ኢግዘርት ኤ ስትሮንግ ኢንፍሉወንስ» ይባላል፣ ከ«ኤ» ጋር። «ኢግዘርት ኮንሲደረብል ኢንፍሉወንስ» ሲሆን ግን ያለ «ኤ» የተለመደ ነው። ፕሬሸርና ኮንትሮል ከዚህ ግስ ጋር አብዛኛውን ጊዜ «ኤ» አይወስዱም። ለምን ብላችሁ አትድከሙ። ከነቅርጻቸው ጻፏቸው፣ ከነቅርጻቸው ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

የሕግ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ አለቻችሁ፤ «አንዲዩ ኢንፍሉወንስ»። ከሚገባው በላይ የሆነ፣ የሰውን ነፃ ፈቃድ የሚያጣምም ተጽዕኖ ማለት ነው። ውልና ኑዛዜ ላይ ትመጣለች።

ደረጃ 5፦ ወደ ሰው አካል ውሰዱት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። ግሱም ሁለቱንም ሰፈር ያገለግላል። ስለ ዋጋና ገበያ አይተናል። አሁን ወደ ሆስፒታል እንሂድ።

«ኢግዘርት ዩርሰልፍ» ማለት ራስን ማድከም፣ ጉልበትን አሟጦ ማውጣት ነው። ኃይሉ አሁንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ሐኪም ለታማሚ «ዶንት ኢግዘርት ዩርሰልፍ» ሲል «ራስዎን አያድክሙ፣ ከባድ ሥራ አይሥሩ» ማለቱ ነው። እዚህ ጋ «ኦን»ም «ኦቨር»ም አይከተልም።

ስሙ «ኢግዘርሽን» ነው። የሕክምና ተማሪ ይህን ቃል ደጋግሞ ይጽፈዋል። አንዲት እናት ክፍል ገብተው «ልጄ፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ስቀመጥ ይተወኛል» አሉ እንበል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ሾርትነስ ኦፍ ብሬዝ ኦን ኢግዘርሽን» ነው። «ኦን» እዚህ «በ... ጊዜ» ማለት ናት፣ ጉልበት በሚያወጡበት ጊዜ። ደህና ተማሪ እዚያ ላይ አያቆምም። «እማማ፣ ስንት ደረጃ ሲወጡ ነው? ሜዳ ላይስ?» ብሎ ይጠይቃል። ምን ያህል ኢግዘርሽን የሚለው ነው የበሽታውን ክብደት የሚናገረው።

የደም ግፊትም የሚብራራው በዚሁ ግስ ነው፤ ደም በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል። ፋርማሲ የምታጠኑ ደግሞ «ዘ ድራግ ኢግዘርትስ ኢትስ ኢፌክት ባይ...» የሚለውን አጀማመር ያዙ። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ሲገለጽ ደጋግሞ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ቀዩን ሳጥን ሙሉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የምፈልገው ይህንን ነው። አዲስ ግስ የያዘ ሰው በየቦታው ሊያስገባው ይሞክራል፤ ጽሑፉም ያኔ ይበላሻል።

«ራይትስ» አይገባም። መብት በእንግሊዝኛ «ኤክሰርሳይዝ» ይደረጋል። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ይምታታሉ። «ኮሽን»፣ ማለትም ጥንቃቄም፣ እንዲሁ ከኤክሰርሳይዝ ጋር ነው።

ኦቶሪቲ፣ ኮንትሮልና ፓወር ከሁለቱም ግሶች ጋር ይሄዳሉ። ልዩነቱን በሰፈራችን እንየው። የቀበሌ ሊቀመንበር በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን ሲጠቀም «ኤክሰርሳይዝ» ነው። ማኅተም ያለው፣ ቢሮ ያለው ሰው የተሰጠውን ሥራ ላይ አዋለ። ሽማግሌዎች ግን ማኅተም የላቸውም። ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች መሃል ገብተው «ተዉ እንጂ» ሲሉ ነገሩ ይበርዳል። ያ «ኢግዘርት ኢንፍሉወንስ» ነው። ወንበር አይጠይቅም፣ ኃይሉ ሌላው ሰው ላይ መድረሱን ብቻ ይጠይቃል።

«ኤፈርት» አብሮ ይሄዳል፤ ስህተት አይደለም። ግን ተራ ነገር ሲሆን «ሜክ ኤን ኤፈርት» ይሻላል። ማመልከቻ ላይ «አይ ኢግዘርቲድ ኤፈርት» ብሎ መጀመር ደረቅ ያደርገዋል። «ኢምፓክት» ደግሞ «ሃቭ ኤን ኢምፓክት ኦን» ተብሎ ሲጻፍ ነው የሚያምረው።

ሌላም አለ። ይህ የጽሑፍ ግስ ነው። ጓደኛችሁ ሲጨቀጭቃችሁ «ዶንት ኢግዘርት ፕሬሸር ኦን ሚ» ብትሉት ፍርድ ቤት የቆማችሁ ይመስላል። በወሬ «ዶንት ፑት ፕሬሸር ኦን ሚ» በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ አንድ ዓረፍተ ነገር አንስታችሁ ጠግኑ

ደብተሩ ከሞላ በኋላ ወደ ራሳችሁ ጽሑፍ ተመለሱ። የምንጠግነው ይህን ይሁን፦ «ዘ ኮፊ ፕራይስ ሜክ ቢግ ኢንፍሉወንስ ቱ ፋርመርስ።» እንዲህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር በግብርና ጽሑፎች ውስጥ ሞልቷል።

መጀመሪያ ስሙን ፈልጉ። ኢንፍሉወንስ ነው። ኢንፍሉወንስ ከማን ጋር ይሄዳል? «ሜክ»ን ሰርዙና «ኢግዘርት» አስገቡ። ባለቤቱ ስንት ነው? አንድ ዋጋ። እንግዲያው መጨረሻው ላይ «ኤስ» ትጨመራለች፤ ኢግዘርትስ። «ፕራይስስ» ቢሆን ኖሮ ኤሷ ትወጣ ነበር። ቀጥሎ «ቢግ»ን በ«ኤ ስትሮንግ» ተኩ። «ቱ»ን አጥፍታችሁ «ኦን» ጻፉ።

ሰዋስዉ አሁን ተስተካክሏል። ሐሳቡ ግን ገና ነው። በገበሬው ምኑ ላይ ነው ተጽዕኖ ያሳደረው? ይህን ጠይቁ። ምናልባት ልትሉ የፈለጋችሁት ዋጋው ሲነሳና ሲወድቅ ገበሬው ቀዩን እሸት ለማጠቢያ ጣቢያ መሸጥ ወይም አድርቆ በጀንፈል መሸጥ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል ነው። እንግዲያው ጻፉት፤ «ዘ ኮፊ ፕራይስ ኢግዘርትስ ኤ ስትሮንግ ኢንፍሉወንስ ኦን ሃው ፋርመርስ ሴል ዜር ኮፊ።» ከ«ኦን» በኋላ የሚመጣው ቦታ ሰው ብቻ ሳይሆን ጉዳይም መሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ጉዳይ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ ይበረታል። አማካሪያችሁም «ምኑ ላይ?» ብሎ ጎኑ ላይ ከመጻፍ ይድናል።

በየገጹ ግን አትጠቀሙበት። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመጣ አንዱን በ«ኢንፍሉወንስ» ግስነት ተኩት፤ «ዘ ፕራይስ ኢንፍሉወንስስ ሃው ፋርመርስ ሴል» ብትሉ ያው ነው፣ ያጥራልም።

ደረጃ 8፦ ተጠራጠሩና አጣሩ

አንድ ጥምረት ትክክል ይሁን አይሁን ካልተማመናችሁ ጉግል ላይ ሁለቱን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። የሚመጡትን ገጾች ክፈቱና ማን እንደጻፋቸው እዩ። የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎችና ትልልቅ ጋዜጦች ከሆኑ ደህና ነው። የሚመጣው ጥቂት ከሆነ፣ ወይም የትርጉም መሣሪያ የወለደው ከመሰላችሁ ተዉት። ዳታ ካለቀባችሁ ስልካችሁ ላይ ያለ ኦፍላይን የተማሪ ዲክሽነሪ ይበቃል። ትርጉሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ ምሳሌዎቹን አንብቡ። ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁን ፈትኑ

የደብተሩን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓምድ በእጃችሁ ሸፍኑ። ስሙን ብቻ እያያችሁ የቀረውን በቃል በሉ። በማግሥቱ ድገሙት፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ጥንድ ሆናችሁ ብታጠኑ አንዱ አማርኛውን ይበል፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ይመልስ። እነዚህን አምስቱን ለመጀመሪያ ሞክሯቸው። መልሱን ሳታዩ ጻፉ።

1. መምህሯ በተማሪዎቿ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ታሳድራለች።
2. ጭነቱ በድልድዩ ላይ ኃይል ያሳርፋል።
3. ነጋዴዎቹ በማኅበሩ ላይ ጫና አደረጉ።
4. ከቀዶ ጥገናው በኋላ ራስህን አታድክም።
5. ሴቶቹ የመምረጥ መብታቸውን ተጠቀሙበት።

መልሶቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው፣ «ዘ ቲቸር ኢግዘርትስ ኤ ስትሮንግ ኢንፍሉወንስ ኦን ኸር ስቱደንትስ።» ሁለተኛው፣ «ዘ ሎድ ኢግዘርትስ ኤ ፎርስ ኦን ዘ ብሪጅ።» ሦስተኛው፣ «ዘ ትሬደርስ ኢግዘርቲድ ፕሬሸር ኦን ዘ ዩኒየን።» አራተኛው፣ «ዶንት ኢግዘርት ዩርሰልፍ አፍተር ዘ ኦፐሬሽን።» አምስተኛው፣ «ዘ ዊሜን ኤክሰርሳይዝድ ዜር ራይት ቱ ቮት።» አምስተኛው ላይ «ኢግዘርት» የጻፈ ሰው ወደ ቀዩ ሳጥን ይመለስ።